በሬዲዮ ያስቀደስኩበት ሁዳዴ

ያን ሁዳዴ፣ ዓረብ አገር ሰው ቤት ስሠራ፣ ስለት ነበረብኝ። ታናሽ እህቴ ሁለት ጽንስ ወርዶባት ሦስተኛውን አርግዛለች፤ እኔም «እመቤቴ፣ እሷን በሰላም አገላግዪልኝ እንጂ ጾሙ እስኪፈታ ዘፈን የሚባል በጆሮዬ አይገባም» ብዬ ተሳልኩ። ስልኬ ላይ የነበረውን ዘፈን ሁሉ ጠራርጌ አጠፋሁ። ያኒ፣ ማለቴ መልአክ ልሆን ትንሽ ነበር የቀረኝ።

እሑድ መውጣት አልተፈቀደልኝም። ማዳሜ ቤተሰቧን ይዛ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ እኔ ባዕብዳ ካለው ቤት ከእናቷ ጋር እቀራለሁ። አሮጊቷን ሁላችንም ቴታ እንላቸዋለን፤ አያቴ እንደማለት ነው። ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ቴታ በሟች ባላቸው ፎቶ ፊት ሻማ ያበራሉ፣ ያማትባሉ፣ ከዚያ ሬዲዮውን ይከፍታሉ። ቫዮሊኑ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው በእንግሊዝኛ ያንጎራጉራል፤ ከኋላው ሴቶች በኅብረት ይቀበሉታል። ቴታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያለቅሳሉ።

እንግዲህ ሻማ አለ፣ ማማተብ አለ፣ እንባ አለ። የእኔ እንግሊዝኛ ደግሞ ከ«ሄሎ» አያልፍም። የነሱ ቅዳሴ ነው ብዬ ደመደምኩ። ካውያውን ነቅዬ፣ ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ በባዶ እግሬ ቆሜ አስቀድስ ጀመር። አራት እሑድ! አንዳንዴማ እሰግድ ነበር።

በአምስተኛው እሑድ ከላይኛው ፎቅ የምትሠራ ጓደኛዬ፣ የወሎ ልጅ፣ ሽንኩርት ልትበደር መጣች። ፈረንጆች ቤት ስለሠራች እንግሊዝኛ ታውቃለች።

«ምነው፣ ሰው ሞተባችሁ እንዴ?»

«ዝም በይ! ቅዳሴ ነው።»

ጆሮዋን ቀሰረች። ከዚያ የሰጠኋትን ሽንኩርት ጥላ በሳቅ ወለሉ ላይ ዘጭ አለች።

«አንቺ ሴት፣ ሰውየው እኮ ‹ዛሬ ሳልስምሽ አላድርም› እያለ ነው! ለዚህ ነው የምትሰግጂው?»

«ውሸታም!»

«ወላሂ! ልጅቷ ደግሞ እምቢ ብላዋለች። በርቺ፣ ጸልዪለት!»

የእህቴ ቀን ደርሷል፤ እኔ ደግሞ ነጠላ ለብሼ፣ ከከንፈር ወዳጆች ጋር ስለቴን ስበላ ኖሬያለሁ። ወደ ቴታ ሮጬ ሬዲዮውን እንዲዘጉልኝ ለመንኳቸው። ምክንያቴን ስነግራቸው ውሃ እስካመጣላቸው ድረስ ሳቁ።

«ከባሌ ጋር የጨፈርንበት ነው እኮ፣ ያ ቢንቲ፣ ልጄ! ኸላስ፣ በቃ እዘጋዋለሁ። ቆመሽ ከምትንቀጠቀጪ ግን እህትሽ ጋ ደውዪ።»

ደወልኩ። ከእህቴ ድምፅ በፊት የሕፃን ለቅሶ ሰማሁ። ሐሙስ ዕለት ተገላግላለች፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ያልነገረችኝ። እያለቀስኩ ጉዴን ሁሉ ዘረገፍኩላት።

«አራት እሑድ ቆመሽ አስቀደስሽ? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው?»

«አዎ።»

«እዚህ እያለሽ እኮ ወንጌል ካለቀ በኋላ ነበር የምትደርሺው! እመቤቴ ይሄን ጉድ አይታ ነው የሰማችሽ።»

ሬዲዮውን ለቴታ መልሼ ከፈትኩላቸውና በሩን ከኋላዬ ዘግቼ ልብስ ላሰጣ በረንዳ ወጣሁ። ጾሙ ገና አልተፈታም ነበር።