ለእናታችን የሰነጠቅነው ባሕር ዛፍ

የዓመቱ የመጨረሻ ዝናብ በረዶ ቀላቅሎ በጣለበት አንድ ከሰዓት በኋላ የግቢያችን ባሕር ዛፍ ከነሥሩ ተነቀለ። ደግነቱ ቤቱን ስቶ አጥሩ ላይ ነው የተጋደመው። ቆራጮች መጥተው ቅርንጫፉን ጫኑ፤ ግንዱንም ሊቆራርጡት ሲሉ ለታላቅ ወንድሜ ደውዬ የሆነውን ነገርኩት። ግንዱን እንዳይነኩት አለኝ።

ወንድሜ ጆሃንስበርግ ዳር፣ አይቮሪ ፓርክ ውስጥ፣ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለው። በጥገኝነት ወረቀት ስለሚኖር ከዚህ አገር ከወጣ መመለሻ የለውም። አባታችን ሲሞት እኔ ሄጄ ቀበርኩ፤ እሱ ሱቁን ዘግቶ ውስጥ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የአባታችን ነገር ሲነሳ ወሬ ይቀይራል፤ ሲያለቅስም ያየው ሰው የለም። እናታችን ልትጠይቀን ቪዛ እየጠበቀች ነበርና፣ አባታችን በራችን ላይ ሠርቶላት የነበረውን ዓይነት አግዳሚ ከዚህ ግንድ እሠራላታለሁ አለኝ። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ትሞቅበት የነበረውን ማለቱ ነው። ከሱቅ ብንገዛላትስ ብዬ አንዴ ብቻ ተናገርኩ፤ ድምፁ ሲለወጥ ሰምቼ ሁለተኛ አልደገምኩትም።

አባታችን ጣውላ ሰንጣቂ ነበር። ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለው ቀያችን ግንዱ ቆጥ ላይ ይጋደማል፤ አባታችን ከላይ፣ ወንድሜ ከታች ሆነው ረጅሙን መጋዝ እየተቀባበሉ ይስባሉ። ከታች የሆነ ሰው ቀኑን ሙሉ ብናኝ ሲጎርስ ይውላል። የእኔ ሥራ ሲባጎ መያዝ ነበር። አባታችን ሲባጎውን በተፈጨ ባትሪ ድንጋይ አጥቁሮ ግንዱ ላይ ይወጥርና መሃሉን ሳብ አድርጎ ይለቀዋል። ጧ! ይላል፤ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር ይቀራል። ከልጅነቴ ድምፆች ሁሉ እንደዚያ የምወደው የለም።

ብርዱ እንደገባ አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ሱቁን ለባልደረባው ትቶ፣ እዚህ ባኪ በሚሉት ፒክአፕ መጣ። የተከራየውን የሞተር መጋዝ፣ መጋዙ ላይ የሚታሰር የብረት ክፈፍ፣ አንድ የአሉሚኒየም መሰላልና በፌስታል ሙሉ ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ይዟል። መሰላሉን ግንዱ ላይ አስረን ክፈፉን በላዩ እናንሸራትታለን፤ የመጀመሪያው ፊት ቀጥ ካለ ሌላው እሱን ተከትሎ ይሄዳል። ስለዚህ ሲባጎ ጭራሽ አያስፈልግም ነበር። ቢሆንም አጥቁረን ወጠርነው። እሱ ሳብ አድርጎ ሲለቀው እኔ ባልሠራሁት ሥራ ተኩራራሁ።

መጀመሪያ ላይ መጋዙ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነብን። ሰንሰለቱ ቶሎ ይደንዛል፤ ሞተሩን አጥፍተን በሞረድ እንስላለን፤ እንደገና እንጀምራለን። ድሮ ከታች የሆነ ሰው መጋዙ ከመስመር ሲወጣ ጮሆ ይናገር ነበር። እዚህ በሞተሩ ጩኸት ማን ይሰማል? ወንድሜ አውራ ጣቱን እያነሳ ከደንበኞቹ የለመደውን «ሻርፕ» ይለኛል፣ ጥሩ ነው ማለቱ ነው፤ ከከንፈሩ አነበዋለሁ። የመጀመሪያው ጣውላ ሲነሳ ውስጡ ሮዝ ነበር። ሽታው ግቢውን ሞላው፤ አባታችን ማታ ሲገባ ከኮቱ የሚወጣው ያው ሽታ ነው። ሁለታችንም ቆመን አሸተትነው። ደስ አለኝ፤ ናፈቀኝም።

የተሳሳትነው ከዚያ በኋላ ነው። በእኛ አገር ዝናብ አይጠፋም፤ አባታችን እርጥብ ጣውላ እንዳይሻግት ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ያስደግፈዋል። እኛም እንደዚያው አደረግን። የጆሃንስበርግ ክረምት ግን ብርድ እንጂ ጠብታ አያውቅም፤ አየሩ የሰው ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ ነው። ቀስ ብሎ በጥላ፣ ተነባብሮ ክብደት ተጭኖበት መድረቅ የነበረበትን እንጨት ለዚያ ፀሐይ ሰጠነው። ሳምንት ሳይሞላ ጣውላዎቹ እንደተሰጣ ቆዳ ተጣመው አገኘናቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኛ ነን። በዚያው ሰሞን የእናታችን ቪዛ ወጣ።

ሌላ ግንድ አልነበረም፤ ጊዜም እንዲሁ። ከተጣመሙት የተሻሉትን መርጠን አግዳሚውን ሠራን። ይወዛወዛል። ወንድሜ አንዱን እግር ሲያሳጥር ሌላው ይረዝማል፤ ያንን ሲያሳጥር ደግሞ ይሄኛው። «ጋሼ፣ ይበቃል፤ መሬት ላይ ልታስቀምጣት ነው?» አልኩት። አልሳቀም። አባቱን አልቀበረም፤ ለእናቱ የሚሰጣት ደግሞ ይኸው ጠማማ ነገር ነው። ፊቱ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነበር።

እናታችን በመጣች ማግስት ጠዋት በነጠላዋ ተጀቡና ወጥታ አግዳሚውን አየችው። እጇን አሳረፈችበት፤ ተቀመጠች። ተወዛወዘ። ወንድሜ ሌላ እንደሚሠራላት እየነገራት ሊያነሳው ጎንበስ አለ።

«ተወው» አለችው። ተነሥታ ከአበባው መደብ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አምጥታ ከአጭሩ እግር ሥር ሸጎጠችና ተመልሳ ተቀመጠች።

«አባታችሁ የማይወዛወዝ አግዳሚ ሠርቶ አያውቅም» አለች። «ድንጋዩን የማስገባው ሁላችሁም ከእንቅልፋችሁ ሳትነሱ ነበር። እሱም እንዳያይ።»

ወንድሜ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ አጠገቧ ተቀመጠና ራሱን ትከሻዋ ላይ ጥሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷም ጀርባውን ታሻሸው ነበር።

እናታችን ወደ አገሯ ከተመለሰች ቆየች። አግዳሚው ግን እዚያው አለ፤ እንጨቱ ነጣ፣ ጥመቱም አልለቀቀውም። ወንድሜ ቅዳሜ ሲመጣ ቤት ከመግባቱ በፊት እዚያ ያርፋል፤ ስለ አባታችንም እሱ ራሱ ያነሳል። መጋዝ ይዞ ቢመጣም እግሩን ላስተካክል ብሎ አያውቅም። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩ በቦታው መኖሩን ያያል፤ ከዚያ ይቀመጣል።