አረንጓዴው ግድግዳ

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል «ተኳሿ» ነው የሚሏት። አንሶላና የሐኪም ጋዋን ስለምትተኩስ ነው እንጂ በሕይወቷ ዝንብ ገድላ አታውቅም። የበሩ ዘበኛ ጠዋት ስትገባ ሁለት እጁን ሽቅብ ያነሣና «እጄን ሰጥቻለሁ» ይላታል። ፊት ፊት ያስቃት ነበር። ባሏ ከሄደ ወዲህ ግን ዘበኛው እንዳይከፋው ብላ ነው ጥርሷን የምታሳየው።

ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። ወደ ውጭ አገር ሲሄድ «ዓመት ሳይሞላ እወስድሻለሁ» ብሏት ነበር። ዓመት ዓመትን እየወለደ አምስት ሆነ። ተስፋዋን ቆርጣ መጠበቁን ልማድ ብቻ ካደረገችው በኋላ ነው ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ቅረቢ የሚል መልእክት የደረሳት። ይህኛው ካመለጣት ሌላው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም።

የባሏ ታላቅ እህት ወሬውን ስትሰማ «እኔ እያለሁማ ሳትዘጋጂ አትገቢም» አለች። ይቺ ሴት ልባሽ ልብስ ትሸጣለች፤ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ መሀል ገብታ ስለምትፈርድ «ዳኛዋ» የሚል ስም ወጥቶላታል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ልብሱ እስከ ጣሪያ በተከመረበት ክፍሏ ውስጥ ከሸቀጧ መርጣ ትከሻው የሰፋ የወንድ ኮት ትለብስና ከጠረጴዛው ኋላ ትቀመጣለች። በዚያች ሰዓት ምራት የለ፣ እትዬ የለ። እሷ ቆንስል ናት።

«ባለቤትዎ በየትኛው በኩል ነው የሚተኙት?»

«በግድግዳው በኩል።»

«ሲተኙ ያንኮራፋሉ?»

«ኧረ አያንኮራፋም።»

«አንቺ! ያሳደግኩት እኔ ነኝ እኮ። ጣሪያ ነው የሚያስነሣው። እንዲህ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ እየዋሸሽ ነው ቪዛ የሚሰጡሽ?» ትልና ኮቱ ትከሻዋ ላይ እስኪዞር ትስቃለች። ተኳሿም ትስቃለች። ያ ሳቅ ግን አንዲት ጥያቄ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ጥያቄዋን ስታወጣ ዳኛዋ የተጠያቂዋን ዓይን አታይም፤ የኮቱን ቁልፍ ነው የምታየው።

«ልጅ አላችሁ?»

ባሏ ሊሄድ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ወንድ ልጅ ወልደው ነበር። ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ስም አልወጣለትም፤ የልደት ወረቀትም አልተጻፈለትም። አቅፋ ለቀብር ይዛው የሄደችው ዳኛዋ ናት፤ ስትመለስ ክንዷን አጥፋ እንደያዘች ነበር፣ ባዶውን። ተኳሿ የምታስታውሰው ጥቂት ነገር ነው፦ ጭብጡ ውስጥ የተወሸቀ አውራ ጣቱን፣ ማጅራቱ ላይ እርጥብ ሆኖ የቀረውን ጸጉሩን። ሌላው ምልክቱ ግድግዳው ነው። ልጁ ከመወለዱ በፊት አባቱ አልጋው የሚቆምበትን አንዱን ግድግዳ ብቻ ለጋ አረንጓዴ ቀብቶለት ነበር። ቀለሙን ከገዛ በኋላ አልወደደውም፤ ነጭ እየጨመረ፣ በጣቱ እየነካ፣ «ይሄማ ሕፃን ያስነባል» እያለ ሲያማስል ዋለ። የደረሰለት ማታ ነው።

ማመልከቻውን ሲሞላ ደግሞ ልጅ በሚለው ቦታ ላይ «የለም» ብሎ ጻፈ። ይህን በስልክ ሲነግራት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር።

«ነበረን ብልስ?» አለችው።

«ማስረጃ ይሉሻል። ምን ታሳያቸዋለሽ?»

ግድግዳውን ዞራ አየችው።

«እኔስ የረሳሁ መሰለሽ?» አለ ቀጥሎ። «ወረቀቱ ላይ ቦታ የለውም። የለንም በያቸው፤ በቃ። እዚህ ስትመጪ ሁለታችን እናወራለን።»

በመጀመሪያው እሑድ ከክምሩ አንድ ሸሚዝ አንሥታ ማጠፍ ጀመረች። በሁለተኛው «ነበ…» ብላ ጀመረች። ዳኛዋ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታ አድርጋ «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ተጠንቀቂ» አለቻት፤ ከዚያም ውሃ ላምጣ ብላ ወጥታ ቆየች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር።

ተኳሿ ትምህርቱን ሥራ ቦታ ይዛው ሄደች። ካውያውን ወደፊት ስትገፋ «የለንም»፣ ወደ ኋላ ስትስብ «የለንም»። እንፋሎቱ እየሸፈናት ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያዩ ባልደረቦቿ ጸሎት መሰላቸው። ድሮ ከአንሶላው መሀል የሕፃን መጠቅለያ ጨርቅ ሲመጣ ለብቻው ታስቀምጠው፣ መጨረሻ ላይ ቀስ ብላ ትተኩሰው ነበር። አንድ ቀን እንደማንኛውም ጨርቅ ተኩሳ አጥፋ ቀጣዩን አነሣች። ያደረገችው ነገር የታወቃት ሦስት አንሶላ ካለፈ በኋላ ነው። የቆሸሸው ልብስ ክምር ላይ ተቀመጠችና ካውያው ራሱን እስኪያጠፋ አልተነሣችም።

የቃለ መጠይቁ ዕለት ኤምባሲው ውስጥ ከመስተዋቱ ማዶ የተቀመጠው ሰው ወጣት ነበር፤ ጉንፋን ይዞት በየመሀሉ ይናፈጣል። አስተርጓሚዋ ረጋ ባለ ድምፅ ጥያቄውን ታቀብላታለች። የት ተዋወቃችሁ? ሥራው ምንድን ነው? በሳምንት ስንት ጊዜ ይደውላል? ሁሉንም መለሰች። ያቺን ጥያቄ እየጠበቀች ነበር፤ መልሷን ምላሷ ላይ አዘጋጅታለች። ሰውየው ግን ካቀረበቻቸው ፎቶዎች አንዱን አንሥቶ አተኩሮ አየው። ባሏ ሊሄድ ሰሞን አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የተነሡት ነው።

«ሌሎቹ ግድግዳዎች ነጭ ናቸው» አለች አስተርጓሚዋ። «ይሄኛው ብቻ ለምን አረንጓዴ ሆነ?»

ይህን ዳኛዋ አላስጠናቻትም ነበር። ለሕፃን ነው የተቀባው ብትል ሕፃኑ የት አለ ሊሏት ነው። አስባ ግን አይደለም የመለሰችው። ሰንበቶቹን ሁሉ የሠለጠነ አፏ ራሱ ቀደማት።

«ባሌ ቀቢ አይደል? ከሥራ ቀለም ተርፎት ነው።»

አስተርጓሚዋ ፈገግ አለች። ሰውየውም ሲነገረው ፈገግ አለና ጻፈ። ወዲያው ፓስፖርቷን ተቀበላት፤ ቪዛው ተፈቅዷል ተባለች። «እንኳን ደስ አለዎት» ያለቻት አስተርጓሚዋ ናት።

ዳኛዋ በር ላይ ፀሐይ እየመታት ትጠብቅ ነበር። ፊቷን አየችና የከለከሏት መሰላት። ተፈቀደልኝ ስትላት «ታዲያ እንዲህ ዓይነት ፊት ምንድን ነው?» አለቻት፤ ቀጥላም ቀስ ብላ፣ ያቺን ጠየቁሽ ወይ አለች።

«አልጠየቁኝም፣ እትዬ።»

አመሻሽ ላይ ባሏ ደወለ። ደስታው ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው፤ ስለሚጠብቃት ቤት፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለሚቀባው ቀለም አወራ። ቃል በቃል ምን እንደጠየቋት ንገሪኝ አላት።

«ስለ ግድግዳው ጠየቁኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ቀለም ተርፎት ነው አልኩ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰላት። የሱ መተንፈስ ነበር የሚሰማው። ቢቆጣት ትመርጥ ነበር፤ እንዴት አፍሽ እሺ አለሽ ቢላት፣ ሁለት ሆነው ባለቀሱ።

«ደግ አድርገሻል» አላት።

ዳኛዋ ሻንጣው አጠገብ ተንበርክካ ልብስ ታጥፋለች፤ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታለች። ምን አለ ብላ አልጠየቀችም። ተኳሿ ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጠችና ግድግዳውን በመዳፏ ነካችው። አንድ ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ ከሥሩ የድሮው ነጭ ብቅ ብሏል።