ሚሊ መቀሱን ሲለቅ

ልብስ ሰፊው እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ ግን ከሚስቱ በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሠፈሩ ሁሉ «ሚሊ» ነው የሚለው፣ ሚሊሜትር የሚለውን አሳጥሮ። የሱሪ እግር በአንዲት ሚሊ ከበለጠበት ፈትቶ እንደገና ይሰፋዋል። ደንበኛው «ኧረ አይታይም፣ ተወው» ቢለው፣ «ለእርስዎ አይታይም፤ ለእኔ ግን በሕልሜ ይመጣል» ይላል። ሱቁ በጫማ አዳሹና በፎቶ ቤቱ መሀል የተሰነቀረች ናት። የስፌት መኪናዎቹ፣ መቁረጫ ጠረጴዛውና መስታወቱ ከገቡባት በኋላ ደንበኛ የሚለካው ግማሽ አካሉን ውጭ ትቶ ነው። ጥግ ላይ ሚሊን ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ተቀምጠው ቁልፍ ይተክላሉ። ሚሊ «ጋሼ» ይላቸዋል። ዓይናቸው ደከም ብሏል፤ ምላሳቸው ግን ዛሬም እንደ አዲስ መርፌ ነው።

ሚሊ አንዲት ልጅ አለችው። ጉንጮቿ ሞላ ሞላ ያሉ ስለሆኑ «ድንቡሼ» ትባላለች። አፀደ ሕፃናት ስትገባ አባቷ ቦርሳዋን በራሱ እጅ ሰፋላት፤ ማንም ነጋዴ እንደዚያ ያለ ቦርሳ አልሸጠም። ጣጣው የመጣው ግን ከቦርሳው ሳይሆን ከአንዲት የወረቀት ዳክዬ ነው።

ዳክዬዋ ወረቀት ላይ ተስላ ነው የመጣችው። ድንቡሼ መስመሩን ተከትላ ቆርጣ ደብተሯ ላይ መለጠፍ ነበረባት። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ጫፉ በደነዘው የልጆች መቀስ ጀመረች። ገና አንገቱ ዘንድ ሳትደርስ መንቁሩን ገነጠለችው። ሚሊ አጠገቧ ነበር። መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቀጥሎ ወንበሩን ሳብ አደረገ፤ በመጨረሻ እጁ ቀደመው።

«አይ ልጄ፣ ታበላሺዋለሽ። አምጪው ለአባዬ።»

የገነጠለችውን መንቁር በሌላ ወረቀት ተክቶ እንዲህ ያለ ዳክዬ ቆረጠ፤ የቀራት መዋኘት ብቻ ነበር። ሚስቱ ዳቦ ቤት ውላ፣ ቅንድቧ ላይ ዱቄት እንደያዘች ገብታ አየችው።

«አንተ፣ የማን የቤት ሥራ ነው?»

«ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም?»

«ለራት ነው ማን አለህ? ዳክዬ እኮ ነው!»

አልሰማትም። ከዳክዬዋ በኋላ ዓሣ መጣ፣ ከዓሣው በኋላ ቅጠል፣ ከዚያ ጭስ ማውጫ ያለው ቤት። ሁሉንም ቆረጠ። ድንቡሼ መጀመሪያ ታኮርፍ ነበር፤ እያደር ለመደችው፤ ወረቀቱን ዘርግታ፣ መቀሱን አቀብላ ድመቷን ፍለጋ ትሄዳለች። ሥራዎቹ የክፍሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ሚሊ ልጁን ሊያደርስ በሄደ ቁጥር አንገቱን በበሩ አስግጎ ያያቸዋል፤ ሱቅ ሲገባ ደግሞ ደረቱን ነፍቶ፣ «ጋሼ፣ እጅ በዘር ይተላለፋል መሰለኝ» ይላል።

«ለመሆኑ ትምህርት ቤት የተመዘገበችው እሷ ናት አንተ?» ይሉታል ሽማግሌው ክራቸውን እየሳቡ።

ትምህርቱ ሊዘጋ ሲቃረብ መምህርቷ በር ላይ አስቆመችው። «የድንቡሼ አባት፣ አንድ ጊዜ ላነጋግርዎ?»

ሚሊ ኮሌታውን አስተካከለ። መቼም ለምስጋና ነው።

«ክፍል ውስጥ መቀስ አትይዝም» አለችው። «ስሰጣት ለጎረቤቷ ታስተላልፈዋለች። ለምን ስላት፣ ‹ቆራጩ አባዬ ነው፣ እኔ አቀባይ ነኝ› አለችኝ።»

ሚሊ ሳቁ አመለጠው። መምህርቷም ፈገግ አለች፤ ግን አልሳቀችም።

«ትናንት ደግሞ፣ ‹የኔ እጅ ያበላሻል› አለች።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ቃሏን ያውቃታል፤ የራሱ ናት።

«በመዝጊያው ቀን ወላጆች ባሉበት እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ዘውድ ቆርጦ ያደርጋል። እሷ ያን ቀን አልመጣም ብላለች። የወረቀት ዘውድ ይቅር ግድ የለም። እኔ የምፈራው ‹አልችልም› ማለቱን ይዛው አንደኛ ክፍል እንዳትገባ ነው።»

«እሺ፣ ምን ላድርግ?»

«ምንም አያድርጉ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ቁርጥራጭ ነገር ይስጧትና አጠገቧ ይቀመጡ። እንደፈለገች ትቁረጥ። ስትጨርስ ምን እንደሠራች ይጠይቋትና ያዳምጧት። እንዳያስተካክሉት ብቻ።»

«ጠማማ ቢሆንስ?»

«ጠማማ ይሆናላ!»

ሚሊ በሕይወቱ ከዚህ የከበደ ሥራ ታዝዞ አያውቅም። ሱቅ ገብቶ ለጋሼ እንደ ስሞታ አድርጎ ነገራቸው። ሽማግሌው መርፌያቸውን ደረታቸው ላይ ሰኩ።

«ስማ፣ አንተ እዚህ ስትመጣ የስንት ሰው ሱሪ ቁምጣ አድርገህብኛል?»

«እሱን አሁን ምን አመጣው፣ ጋሼ?»

«አንድ ቀን መቀስ ቀምቼህ አውቃለሁ?»

ሚሊ አሰበ። «አያውቁም። ግን ዝም ብለው ወደ ውጭ ይወጡ ነበር።»

«ምን ላድርግ! ቆሜ ባየሁ ልቤ ቀጥ ትል ነበር። ጫማ አዳሹ ዘንድ ሄጄ አንተን እየረገምኩ፣ ሲወጣልኝ እመለሳለሁ። ቻለው፤ እኔም ችየዋለሁ።»

የዚያን ቀን አመሻሽ ሚሊ አንድ ፌስታል የጨርቅ ቁርጥራጭ ይዞ ገባና ወለሉ ላይ ዘረገፈው። ድንቡሼ እንደ ልማዷ መቀሱን ዘረጋችለት። «እንካ፣ አባዬ።»

«አይ፤ ዛሬ አቀባዩ እኔ ነኝ። ቆራጯ አንቺ ነሽ።»

ልጅቷ በጥርጣሬ አየችው። «ካበላሸሁስ?»

ጨርቁን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። «አባዬም ብዙ አበላሽቷል። ጋሼን ጠይቂያቸው።»

ይሄ ወሬ ደስ አሰኛት። ሜትሩን ከአንገቱ ላይ ነጥቃ ለካችው። «ሆድህ ብዙ ነው» አለች ቆጣ ብላ። «ጠመኔ!»

«አቤት፣ ይኸው።»

«ቀይ ጨርቅ! ይሄ አይደለም፣ ያኛው! ምን ዓይነት አቀባይ ነህ?»

ከዚያ መቁረጥ ጀመረች። መቀሱ ጨርቁን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ጭራሽ ወደ መጣበት። የሚሊ ጣቶች ጉልበቱ ላይ ይርመሰመሱ ጀመር። ቀስ ብሎ ወደ መቀሱ ሲዘረጋ ሚስቱ በማማሰያ ጀርባ እጁን ቸብ አደረገችው።

«ወይ ኪስህ ክተተው፣ ወይ ለእኔ ስጠኝና ሽንኩርት ይላጥ!»

ሽንኩርት ላጠ። ብዙ ምሽት ላጠ። ጎረቤት ዓይኑ ቀልቶ ስታገኘው፣ ሰው ሞቶበት መስሏት «ምነው በደህና?» አለችው። ድንቡሼ በዚያ መሀል «ዝሆን» ቆረጠች፤ ማንም ዝሆን ያላለው፣ እሷ ግን ኩምቢው የት እንደሄደ ረጅም ታሪክ ያወራችለት ዝሆን። ሚሊ ጠየቀ፤ አዳመጠ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዳክዬዋ ይልቅ ስለ ዝሆኑ የሚወራ ነገር ነበረ።

በመዝጊያው ቀን ድንቡሼ ማንም ሳይቀሰቅሳት ተነሳች። ወላጆች ጉልበታቸው አገጫቸው ጋ እየደረሰ በትንንሾቹ ወንበሮች ላይ ተደረደሩ። ቢጫ ወረቀት ታደለ። ሌሎቹ ልጆች ቶሎ ቶሎ ጨርሰው ዘውዳቸውን ሲያጠልቁ ድንቡሼ ገና መሀል ላይ ነበረች። አንደኛው ጫፍ ተቀንጥሶ ወደቀ። ቀና ብላ አባቷን ፈለገች። ሚሊ እጆቹን በብብቱ አጥብቆ ተቀምጧል፤ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ፈገግ አለላት። ልጅቷ ወደ ወደቀው ጫፍ ተመለከተች፤ ትከሻዋን ሰበቀች፤ ቀጠለች።

ዘውዱ ሲያልቅ ለጭንቅላቷ ሰፋ። ጆሮዋን አልፎ፣ አፍንጫዋን አልፎ አንገቷ ላይ አረፈ። አንድ ልጅ በጣቱ እያመለከተ ሳቀባት።

«ዘውድሽ ወደቀ!»

«ዘውድ አይደለም» አለች ድንቡሼ አፏን ሞልታ። «ኮሌታ ነው። እኔ ራሴ ነኝ የቆረጥኩት።»

ብዙም ሳይቆይ ያ የሳቀባት ልጅ የራሱን ዘውድ አንገቱ ላይ ለማውረድ ሲታገል ወረቀቱ ተቀደደበትና አለቀሰ። ከሚሊ ጎን የተቀመጠ አባት ጎንበስ ብሎ፣ «የልጅህ ኮሌታ ትንሽ ጠመመሳ» አለው።

«ትንሽ?» አለ ሚሊ። «ኧረ በደንብ ነው የጠመመው!»

ከዚያ ወዲያ መቀስ ከድንቡሼ እጅ ጠፍቶ አያውቅም። በሳምንቱ ሚስቱ ከሳሎን ጮኸች። መጋረጃው ታችኛው ጥግ ላይ ክብም አራት ማዕዘንም ያልሆነ ቀዳዳ ተከፍቷል።

«ምን ሆነሽ ነው?» አላት ሚሊ ልጁን።

«ድመቷ ውጭውን እንድታይ ነው፣ አባዬ።»

ድመቷም በቀዳዳው አንገቷን አስግጋ መንገዱን ታያለች። ሚሊ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን አየው፤ በጣቱ ዙሪያውን ዳሰሰው፤ መጋረጃ የተቆረጠ እንደሆን እንደሚተረተርና ጠርዙ መያዝ እንዳለበት ለልጁ አስረዳት። ከዚያ መርፌና ክር አመጣ።

«ልታስተካክለው ነው?» አለች ድንቡሼ ፊቷ ጠቆር ብሎ።

«የለም። ያንቺ እንዳለ ይቀመጣል።»

ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ስታየው፣ ሚሊ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ የልጁን የመቀስ ፈለግ አንዲት ሚሊ ሳያልፍ ሳይጎድል እየተከተለ ጠማማውን ቀዳዳ ዘመዘመው።