የኦቦ ቶሎሳ ፈረስ ለምን አልተጠራም

ይህን ለሚስቴም፣ ለቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ተናግሬ አላውቅም። የመጀመሪያው ሰሚ አንተ ነህ፤ አትዘንልኝ።

ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። እየተንፏቀቅኩ አምቦ ኮሌጅ ገብቼ ፕሮግራሚንግ ስማር፣ ከጎኔ የምትቀመጠው ላሊሴ የልጄ እኩያ ነበረች። እኔ ኮዱን በጣቴ እየተከተልኩ ስለቅም እሷ ጨርሳ፣ “ጋሼ፣ ላሳይዎት?” ትለኛለች። ደግነቷ አንጀቴን ያሳርረው ነበር። ምነው በናቀችኝ!

ለወንጪ ፈረስ አከራዮች ተራ የሚጠራ ፕሮግራም ሠራች። ፈረሶቹን በክብ አያያዘቻቸው፤ እያንዳንዱ የሚያውቀው ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ብቻ ነው፣ የመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይመልሳል። በክቡ ላይ የሚዞረውን፣ ክላስ የሚሉትን የፕሮግራም ክፍልም ራሷ ጻፈችው። “ቀጣይ” ሲባል የቆመበትን ፈረስ ይጠራል፣ ከዚያ ይራመዳል፤ ወደ መነሻው ሲመለስ ያቆማል። መምህራችን አጨበጨበላት። እኔም አጨበጨብኩ፤ በእጄ ብቻ።

ሞክራው፣ ሠርቶላት፣ ኮምፒውተሯን ለእኔ ትታ ምሳ ወጣች። እኔ ሁለት መስመር አቀያየርኩ። መጀመሪያ ተራመድ፣ ከዚያ ጥራ። በቃ። እንዲህ ሲሆን ከመነሻው ሳይጠራ ይነሳል፣ ዞሮ ሲመለስም ከመጥራቱ በፊት ያቆማል፤ መነሻው ላይ ያለው ፈረስ መቼም አይጠራም። መነሻው ላይ ያለው የኦቦ ቶሎሳ ነበር፤ ቀጥሎ የላሊሴ አጎት። አላውቅም ነበር? አሳምሬ አውቅ ነበር።

ወንጪ ላይ አከራዮቹ ተሰብስበው ፕሮግራሙ ከላሊሴ አጎት ፈረስ ጀምሮ ጠርቶ ጨረሰ። ኦቦ ቶሎሳ፣ “ምነው፣ ፈረሴ ሞቷል እንዴ? ማን ቀበረው?” አሉ። ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዱ፣ “አጎቷን ልታስቀድም ነዋ!” ሲል ሳቁ ቆመ።

ላሊሴ ስህተቱን ኮዷ ውስጥ ፈለገች፤ ዓይኗ የሚያየው ራሷ የጻፈችውን እንጂ የኔን አልነበረም። ያኔ እኔ ተነሳሁ። “እስቲ ልየው” አልኩ። እኔው ያበላሸሁትን እኔው መለስኩት። የአከራዮቹን ፕሮግራም የመያዝ ሥራ ለእኔ ተሰጠ፣ ለእሷ የአጭበርባሪ ስም ተረፋት። ትምህርቱንም ተወችው።

አሁን ሸነን ከተማ ሱቅ አላት። በቀደም ደውላ፣ “ጋሼ፣ ያን ቀን ባይደርሱልኝ ምን ይውጠኝ ነበር?” አለችኝ። “ምንም አይደል” አልኳት። ምንም አይደል! እኔ!

ላሊሴ፣ አልተሳሳትሽም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ቀንቼብሽ። ዘግይቼ መማሬን ሰበብ አላደርገውም፤ ዘግይተው ተምረው ሰው ያልበደሉ ሞልተዋል። ይቅር በይኝም አልልሽም። ወንጪ ወጥቼ፣ ስምሽን ባጠፋሁበት ሰው ፊት ቆሜ ይህን ሳልናገር ይቅርታሽን ብወስድ፣ እሱም ስርቆት ነው።