የእማሆይ ወለተ ሐና በሽተኛ

የሺን ለኩበት ለቀማ ስቀሰቅሳት ፀሐይ ወጥታ ነበር። ልጄ አጎዛው ላይ ጥቅልል ብላለች። ቁርበቱ በላብ ርሶ የበግ ሽታው ቤቱን ሞልቶታል። «ተነሺ! ትናንት ስትሯሯጪ የዋልሽ ልጅ ዛሬ ሥራ ሲመጣ አመመኝ?» አልኳት። ከትናንት ወዲያም እንዲሁ ብላ ተኝታ በማግስቱ ደህና ሆና ስለተነሳች ዳተኝነት መስሎኝ ነበር። ክንዷን ይዤ ጎተትኩና ለቀቅኩት። ክንዷ ዱብ አለ፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ።

እንዲህ የሚወድቅ ክንድ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ያ የቁርበት ሽታም ካለሁበት ከደብረ ብርሃን አንስቶ አንኮበር ወሰደኝ።

ያደግሁት አንኮበር፣ አንድ ደብር አጥር ሥር ነው። በቅጥሩ ውስጥ እማሆይ ወለተ ሐና የሚባሉ ቀጭን መነኩሲት ነበሩ። ሴቶችን ያስተምሩ ነበር፤ ግን ጀማሪ አይቀበሉም። ወደሳቸው የሚመጡት በየአገራቸው የተከበሩ፣ ብዙ ልጅ ያዋለዱ አዋላጆች ናቸው። ካህናቱ ከየደብሩ መርጠው ይልኳቸዋል፤ ሁለት ክረምት ተቀምጠው በሽተኛ ማስታመም ይማራሉ። «ማዋለዱን ታውቁታላችሁ፤ እሱ ባንድ ቀን ያልቃል። ማስታመም ግን ወር ይፈጃል» ይሏቸው ነበር።

ለመማሪያ በሽተኛ ያስፈልጋል። በሽተኛዋ እኔ ነበርኩ፣ የሰባት ዓመት ልጅ። እማሆይ ጎጆ ውስጥ አጎዛ ይነጠፍልኛል፤ ዓይኔን ጨፍኜ እተኛለሁ። ሴቶቹ ገላዬን ሳያራቁቱ ያጥቡኛል፤ ጎኔ እንዳይላጥ ያገላብጡኛል፤ ብርዝ በጥጥ ነክረው አፌ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጉልኛል። ማር ነውና ጥጡን እመጠምጠዋለሁ። ከደነባ የመጣች እትዬ ብርቄ የምትባል ወፍራም ሴት ነበረች። «እሰይ የኔ በሽተኛ! ማር ሲሸታት እኮ ነፍስ ትዘራለች» ስትል ሳቄ ያመልጠኛል። እማሆይ «በሽተኛ አይስቅም!» ብለው ይቆጡና እሳቸውም ወደ ግድግዳው ዞረው ይስቃሉ።

አንድ ጠዋት ራሴን እያመመኝ ሄድኩ። መተኛቴ አይቀር ብዬ ለማንም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው ድምፅ ብቻ ነው። ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ፤ ጥርሴ ተንገጫገጨ።

«ዛሬስ ጉድ ናት! ማቃሰቷን ስሙልኝ» አለች እትዬ ብርቄ። ሁሉም ሳቁ።

«ውሃ» አልኩ።

«ኧረ መጠየቅም ጀምራለች!» አለች ሌላዋ። ደግመው ሳቁ።

እማሆይ ከቅዳሴ ተመልሰው ገቡ። እንደ ልማዳቸው እጄን አንስተው ለቀቁት። ወደቀ።

«የሚጫወት ልጅ ክንዱን ጥቂት ይይዘዋል» አሉ። «ይህን ክንድ የያዘው የለም።»

እትዬ ብርቄ ራሷን ያዘች። «ልጄን! ውሃ ስትለኝ ሳቅሁባት!»

«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ እማሆይ። «ጤነኛ ልጅ እያስተኛሁ ሳቅ አስለመድኳችሁ። ከእንግዲህ የተኛ ሰው ስታዩ አስቀድማችሁ ምንህን ነው በሉ። የመለሰላችሁንም እመኑት።»

እትዬ ብርቄ ዘጠኝ ቀን ከአጠገቤ አልተነሳችም። እማሆይም ከዚያ ወዲህ ልጅ አላስተኙም። በዚያ እርጅናቸው ራሳቸው አጎዛው ላይ ይጋደሙና «በሉ፣ አገላብጡኝ» ይላሉ። ሴቶቹ አያያዙን ሲስቱ «አጥንቴ ነው እኮ፣ ማገዶ አይደለም!» ሲሉ ድምፃቸው እስከ አጥሩ ይሰማ ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ በገላዬ የተማርኩት ሴት፣ ልጄን ሳልጠይቃት ጎተትኳት። ተንበረከክሁ። «የሺዬ፣ ምንሽን ነው?»

«ራሴን፣ እማዬ። ከትናንት ወዲያም ነግሬሽ ነበር።»

ነግራኝ ነበር። ከአባቷ ጋር ለጨው አሊዩ አምባ ወርዳ ከተመለሰች ገና ሁለት ሳምንት አልሞላትም። አንድ ቀን ይዞ አንድ ቀን የሚለቅ የቆላ ንዳድ ነው የያዛት፤ እኔ ግን ዳተኛ አልኳት።

ጎረቤቴ አስካለ እየሮጠች ገባች። «በሩን ዝጊው፣ ምች ነው! ውሃም እንዳታቀምሻት!»

«አስካልዬ፣ በሩን ተይውና ንጹሕ ጥጥ አምጪልኝ» አልኳት። ብርዝ በጠበጥኩ። ሲያንዘፈዝፋት ደረብኩላት፤ ሲያልባት ገፈፍኩላት፤ አገላበጥኳት። ንዳዱ ቀን እየዘለለ ሲመለስ በእያንዳንዱ መምጫው ልጄ ከእጄ የወጣች እየመሰለኝ ደረቴን ያዝኩ። ለአምስተኛ ጊዜ መጥቶ ከሄደ በኋላ የሚመለስበት ቀን ደረሰ፤ እስኪመሽ ግንባሯን ስዳብስ ዋልኩ፤ አልመጣም። የሚቀጥለው ተራም አለፈ።

እማሆይ ካረፉ ብዙ ክረምት ሆኗል። ዳዊት ሳልደርስ ከፊደል ላይ ቀርቻለሁና ጽሕፈቴ ጠማማ ነው። ቢሆንም አንድ ሰው ያንብበው ብዬ ጻፍኩት፤ ከሳቸው የቀረኝ መጠየቅና ማመን ነውና። የሺ በር ላይ ተቀምጣ የገብስ ቂጣዋን እየገመጠች ከአስካለ ልጅ ጋር በጠጠር ጨዋታ ትጣላለች። ልጄ ድናለች። ፍርሃቴም ለቆኛል።