ነጠላዬን ይዤ የተነሣሁት ራጅ

በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ ፍልሰታ እንደገባች፣ ቀኝ ትከሻዬን ያመኝ ጀመር። ትከሻው የራሴ አይደለም። ከዓመታት በፊት መካነ ብርሃን ወላጆቼን ልጠይቅ ሄጄ ጭቃ አዳልጦኝ ስወድቅ አጥንቱ ደቀቀ፤ አዲስ አበባ ወስደው በብረት ተኩልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያ ብረት የልጄን ጠጉር ስሠራ ኖሬአለሁ። ከመተካቱ በፊት እጄ ከአገጬ አያልፍም ነበር።

ጎንደር ወደ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድሁ። ራጅ የሚያነሣው ሰው ከማሽኑ ፊት አቁሞኝ ልብሴን ከትከሻዬ ዝቅ እንዳደርግ ነገረኝና ፊቱን አዞረ። ጨዋ ሰው ነው። እኔም በቀኝ እጄ ነጠላዬን ደረቴ ላይ ያዝሁ። «ጨርሰናል» አለኝ፤ እንዴት እንደቆምሁ አላየም።

ሐኪሙ ስልክ እያናገረ ራጁን በመስኮቱ ብርሃን አንጋጦ አየው።

«እናቴ፣ ብረቱ ዙሪያ ያለው አጥንት ተበልቷል። ብረቱ ይወጣል።»

«ወጥቶስ?»

«እሱን አዲስ አበባ ይነግሩሻል።»

ትከሻዬን በጣቱ እንኳ አልነካውም። የቀድሞ ራጅ አለሽ ወይ አላለኝም። ማክሰኝት ገበያ በግ የሚገዛ ሰው እንኳ ላቱን ሳይዳብስ አይሄድም።

ከሐኪሙ የባሰው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ነበር። ሊጠይቀኝ መጥቶ ራጁን ከእጄ ነጠቀና ለመጣው ጠያቂ ሁሉ በመስኮት ብርሃን እያሳየ ያብራራ ገባ። ጎረቤቶቼ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ብዬ ነበር! ብረት አጥንት ይበላል ብዬ ነበር። ያኔ ወጌሻ አሽቷት ቢሆን እንዲህ ትሆን ነበር?» አለ እሱ።

«አያ፣ ራጁን ዘቅዝቀው ነው የያዙት» አልሁ።

«ተዘቀዘቀም ተቃናም፣ የተበላ ተበልቷል። አይዞሽ፣ አዲስ አበባ እኔ አስታምምሻለሁ።»

አስታማሚነቱን አውቀዋለሁ። ያኔ እኔ ሆስፒታል ስተኛ እሱ ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት እየዞረ ሲጋበዝ ሰንብቶ ወፍሮ ተመለሰ። አሁንም ፍልሰታ ሳትፈታ አንሄድም አለ። በጾም ግብዣ አይጥመውም።

እኔ የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ ብረቱ ወጥቶ ክንዴ ተመልሶ ከአገጬ በታች ቢቀርስ? ለእመቤታችን ነገርኋት። ለሰው አልተናገርሁም።

ልጄ ግን ፊቴን አይታ ኖሯል። «እማዬ፣ ያኔ ከሆስፒታል ሲሸኙሽ የሰጡሽ ራጅ የት አለ?» አለችኝ። ከሳጥኔ አወጣሁት። ሁለቱንም ይዘን ሆስፒታል ወዳለው የአጥንት ሐኪም ሄድን። አያም ሳይጠሩት ተከተለን።

ይኸኛው ሐኪም ክንዴን ይዞ አነሣው፣ ቀስ አድርጎ አዞረው። ከዚያ ሁለቱን ራጆች ጎን ለጎን ሰቀላቸው።

«በአንድ ራጅ አጥንት ጎደለ አይባልም፤ ከመጀመሪያው ጋር ተስተያይቶ ነው። ደግሞ በአዲሱ ክንድዎ ወደ ውስጥ ዞሯል፤ ሲዞር አጥንቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ሲነሡ እጅዎ የት ነበር?»

«ነጠላዬን ይዤ።»

ሳቀና አንዲት ነርስ ጠራ። እሷ ነጠላዬን ያዘችልኝ፤ ክንዴ እንደ መጀመሪያው ራጅ ተቃንቶ እንደገና ተነሣሁ። ሐኪሙ አዲሱን ከመጀመሪያው አጠገብ አድርጎ አየው። እኔ አቡነ ዘበሰማያት እደግም ነበር።

«ብረቱ አልተነቃነቀም» አለ። «ዙሪያውም ክፍተት የለም። እዚህ ላይኛው ጫፍ ብቻ አጥንቱ ትንሽ ሳስቷል። ሸክሙን ብረቱ ስለያዘው ነው፤ ሥራ ያጣ አጥንት ይሳሳል። አይወጣም። የሚያምዎ ጅማቱ ነው። በየዓመቱ እንዲህ እያነሣን እናስተያያለን።»

«እና አዲስ አበባ አንሄድም?» አለ አያ።

«ምን ሊያደርጉ?»

ተመስገን አልሁ። አያ ግን ልቅሶ እንደደረሰ ሰው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። በሩ ላይ ደረስሁበት።

«አያ፣ ሰሙ? ሥራ የፈታ አጥንት ይሳሳል። የሚወፍረው ሥራ የፈታ ሰው ነው።»

«ምነው፣ በጾም ሰው ይሰደባል?»

«እኔ የተናገርሁ ስለ አጥንት ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ተመለስሁ። ልጄን ከፊቴ አስቀምጬ ጠጉሯን ፈታሁና እንደገና ሠራሁት። ትከሻዬ አመመኝ። ጨረስሁት።