ማን አጣራው?

ዴቪላን ሳያውቅ ከተማችንን ማቱራን አውቃለሁ የሚል ሰው ይቅርብኝ። በነጋዴው በግራሃዳታ ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ውሃ ያጣራች ባሪያ ናት። እኔ ሸክላ ሠሪ ነኝ፣ ጎረቤቷ። እንስራ ላደርስ በሄድኩ ቁጥር እሷን ሳይ ቆሜ ሥራ ፈትቼ እውል ነበር።

የዚያ ቤት ሰዎች ጃይን የሚባለው ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው። ነፍስ ያለው ነገር ሁሉ፣ ዓይን የማያየው የውሃ ትል እንኳ ቢሆን፣ በእጃቸው እንዲሞት አይፈልጉም። ስለዚህ ዴቪላ ውሃውን ሁሉ በድርብ ጨርቅ ታጣራለች። ማጣራቱንስ ማንም ያጣራል። እሷ ግን ጨርቁ ላይ የቀረውን በተጣራ ውሃ ቀስ አድርጋ ጽዋ ውስጥ ታጥብና ወደተቀዳበት ጉድጓድ ትመልሰዋለች፤ ያውም ጽዋውን በገመድ እስከ ውሃው ድረስ አውርዳ፣ ከላይ ቢደፋ ይሞታሉ ብላ። አንድ ቀን፣ የማይታዩት ጌቶችሽ ምን ይከፍሉሻል ብዬ ብቀልድባት፣ "እነሱ ቢያንስ አያዙኝም" አለችኝ።

ግራሃዳታ ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ይዘገያል። ባለፈው ክረምት ታሞ ሁላችንም ተስፋ በቆረጥንበት ጊዜ፣ ሌት ተቀን አስታማ ያዳነችው እሷ ናት። ሲነሳ ነጻ አወጣታለሁ ብሎ ማለ። ታላቅ ወንድሙ ናንዲባላ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። እሱ እንደ አባቶቹ ለእሳት የሚሠዋ ሰው ነው፣ የወንድሙን የትል ሃይማኖት ሲሰማ ይስቃል። ዴቪላን ደግሞ ሴት ልጁን ሩቅ አገር ሲድር ከጥሎሹ ጋር አብሮ ሊሰጣት ቆርጦ ነበር። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ ተስማሙ፤ ግራሃዳታ ለንግድ በሚወጣበት ዋዜማ፣ ካህኑ መልካም ባለው ሰዓት፣ የግድግዳው ጥላ ከደጁ ድንጋይ ላይ ሳይወርድ፣ ነጻ ማውጣቱ ይፈጸም። ሰዓቱ ካለፈ ባሪያ ሆና ትቀራለች። ጌታዋ እስኪመለስ ቤቱን የሚያዘው ናንዲባላ ስለሆነ፣ ከቀረች ምን እንደሚደርስባት ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም።

የአገራችን ሥርዓት እንዲህ ነው። ባሪያዋ ውሃ የሞላ እንስራ በትከሻዋ ይዛ ትቆማለች፤ ጌታዋ ያወርድና ድንጋይ ላይ ይሰብረዋል። ከዚያ ቆሎና አበባ ያለበት ውሃ ራሷ ላይ ረጭቶ፣ ባሪያ አይደለችም ብሎ ሦስት ጊዜ ይናገራል። እሷም ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙራ ትሄዳለች። እንስራውን የሠራሁት እኔ ነኝ። በአንድ ምት እንዲሰበር ብዬ ሳሳ አድርጌ ነው የሠራሁት፤ በሕይወቴ ሆን ብዬ መጥፎ ዕቃ የሠራሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቀኑ ደረሰ፣ ግቢው በሰው ተሞላ። ዴቪላ እንስራውን ተሸከመች። ጌታዋ እጁን ሲዘረጋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

"ይህን ማን አጣራው?" አለች።

ለካስ የናንዲባላ ሎሌ ከጉድጓዱ ቀድቶ እንዳለ ገልብጦበታል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሃ ማጣራት የእሷ ሥራ ስለነበር፣ ዛሬስ ማን ያጣራል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ያ ውሃ የጋለ ድንጋይ ላይ ቢፈስ፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ማለቁ ነው።

ናንዲባላ ወደ ጥላው እያመለከተ፣ "ምን ይሻልሻል? ነጻነቱ ነው ወይስ ትሉ?" አላት። ግራሃዳታም በለሰለሰ ድምፅ ዛሬን ብቻ እንድታልፈው፣ እሱ ጾሞ እንደሚክስ ለመናት። እኔማ፣ አንቺ ሞኝ፣ ዝም ብለሽ ቁሚ ልላት ትንሽ ነው የቀረኝ።

"ጌታዬ፣ ነፍስ አጥፍቼ ነጻ አልወጣም" አለች። "ሰዓቱ ከፈለገ ይለፍ።"

እንስራውን አወረደች። ጨርቋን አምጥታ ማጣራት ጀመረች፤ አልቸኮለችም። ከዚያ ጽዋዋን ይዛ ወደ ጉድጓዱ ሄደች። እኔ ዓይኔን ከጥላው ላይ መንቀል አቃተኝ። ገመዱን ስታወርድ ጥላው ድንጋዩ ጫፍ ላይ ነበር። ስትመለስ ወርዷል።

"በቃ፣ አለፈ" አለ ናንዲባላ። ሰዉም እየተንሾካሾከ መበተን ጀመረ። እሷ ግን የተጣራውን ውሃ እንስራው ውስጥ መልሳ፣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ቅድም የነበረችበት ቦታ ላይ ቆመች።

"ጌታዬ፣ እኔ የራሴን ጨርሻለሁ። የቀረው የእርስዎ ነው" አለችው።

ግራሃዳታ ወንድሙን አየው፣ እሷን አያት። ሲዘገይ የኖረ ሰው ያን ጊዜ ፈጠነ። "ዛሬ ልገድል ነበር፣ ያስጣለችኝ እሷ ናት። የሰዓቱን ዕዳ እኔ እሸከመዋለሁ" ብሎ እንስራውን ነጥቆ ድንጋዩ ላይ ከሰከሰው። ቆሎውንና አበባውን ራሷ ላይ ረጨ። ቃሉን ሊናገር አፉን ከፈተና ቀጥ አለ። ቃሉ ስም ይፈልጋል። አሥራ ሁለት ዓመት "አንቺ" ሲላት ኖሮ ስሟን አያውቀውም። ወደ ሚስቱ ዞረ፤ እሷም አታውቀውም።

"ዴቪላ እባላለሁ" አለች፣ ቀና ብላ።

"ዴቪላ ባሪያ አይደለችም" አለ፣ ሦስት ጊዜ። አራተኛውን እኔ ከኋላ ሆኜ ጮክ ብዬ ጨመርኩበት፤ ሥርዓቱ አይጠይቀውም፣ የከለከለኝም የለም።